የኑግ ዘይት ስቱኮ

የቀበሌው አዳራሽ ተሠርቶ እስኪያልቅ እንደማንነካ ቃል የተገባልን በሳቅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ጣሪያው ተመትቶ ግድግዳው ገና ራቁቱን እንደቆመ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጃንጥላው ስር ሆኖ እኔንና ጓደኛዬን ከእግር እስከ ራስ አየን።

«እነዚህ ዕድሜያቸው ደርሷል» አለ ለአስተማሪያችን ለጋሼ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አሉ ጋሼ።

«ሥራ ላይ ያለ ሰው እናት አገሩን እያገለገለ ነው። አይነካም።» ከዚያ ሳቀ። «እስኪጨርስ ነዋ!»

እኛም አብረን ሳቅን። እሱ ሲስቅ ዝም ማለት አይቻልም ነበር። በዚያ ዘመን ከየቀበሌው ወጣት እየተሰበሰበ በጭነት መኪና ወደ ሰሜን ጦርነት ይላካል። ካለፈው ዙር ከሄዱት መካከል ወሬው የመጣ ነበር፤ ራሱ የመጣ ግን አልነበረም።

እኔና ጓደኛዬ በወረታ የግንባታ ሥራ ማኅበር ተለማማጆች ነበርን። ግንብ ማቆምና ጣሪያ መምታት የሌሎች ነው። የኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ይባላል፤ ልስን፣ ኖራ፣ ቀለምና መስተዋት። ከአንድ ቤት መጨረሻ የምንወጣው እኛ ነን፤ እኛ ስንወጣ ባለቤቱ ይገባል። ተለማማጅ ሙሉ አባል የሚሆነው አንድ ሥራ ከልስኑ እስከ መስተዋቱ አድርሶ ሲያስረክብ ነው። ያን ቀን የራሱ ፍራታሶ ይሰጠዋል። ፍራታሶ ልስን የሚስተካከልበት፣ እጀታ ያለው ጣውላ ነው። ከዚያ ክረምት በፊት በዓለም ላይ ከዚያ ጣውላ የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

አስተማሪያችን ጋሼ የምንላቸው፣ ጢማቸው በኖራ ይሁን በዕድሜ የነጣ የማይለይ ሰው ነበሩ። ሙያውን ጎንደር ላይ፣ ከጣሊያኖች ጋር ከሠራ ሰው ነው የተማሩት። የሥራ ሕጋቸው ብዙ ነው። ግድግዳ በመዳፍ አይነካም፣ በእጅ ጀርባ እንጂ፤ «መዳፍን ሥራ አደንድኖታል፣ ይዋሻል» ይሉናል። የተረፈ ስቱኮም አይጣልም። ስቱኮ መስተዋቱን ከክፈፉ ጋር የሚያያይዘው ሊጥ ነው፤ የጠመኔ ዱቄት በተልባ ዘይት አቡክተን እንሠራው ነበር። የተረፈውን አድቦልቡሎ መስኮቱ ደፍ ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ይህን የረሳውን ቀኑን ሙሉ አያናግሩትም። እኛም ስለለመድነው እጃችን ከኛ ሳይጠይቅ ያድበለብላል።

ጓደኛዬ የይፋግ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ። ስቱኮ ሲለስን ማዕዘኑ ላይ በአውራ ጣቱ ትንሽ ጎድጎድ ያደርጋል። ጋሼ ይቆጡታል፣ እሱ ግን አይተውም። እኔን ቱምቢ ይለኛል፤ የግድግዳን ቀጥ ማለት የምናይበት፣ በክር የሚንጠለጠለው ብረት ነው። እሱ በዓይኑ የሚያምነውን እኔ ካልለካሁ አላምንም።

«ቱምቢ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ጠማማ ልትለው ነው?» እያለ ይገባል ጠዋት ጠዋት።

እኔ ብዙ አልናገርም ነበር። ማንበብ እንኳ ለብቻዬ ነው የተማርኩት፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ወለል ላይ ከምናነጥፈው አሮጌ ጋዜጣ። ጋዜጣው ሁልጊዜ የተቀደደ ስለሆነ ብዙ ነገር የማውቀው ከመሃሉ ነው።

ክረምት ላይ በፎገራ ልስን አይደርቅም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ውሃ ከሰማይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጠጥቶ ጠጥቶ ከስር ለግድግዳው ያቀብላል። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ያብጥና ይላጣል። ቀለሙ አዳራሹ በሚመረቅበት በአብዮት በዓል ፊት ቢላጥ አሻጥር ይባላል። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ለሌላ ቃል ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ጋሼ ማንም የሚያየው ምልክት አበጁ፤ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ መስተዋት ግድግዳው ላይ በስቱኮ ለጠፉ። ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ቁራጩ ከጀርባው ያልበዋል። ላቡ ሲጠፋ ቀለም ይገባል።

ሊቀመንበሩ ይህን ከሰማ ወዲህ በየማለዳው እየመጣ ቁራጩ ላይ ያፈጣል።

«ላብ አለው?»

«አለው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

እሱ ሲወጣ ጓደኛዬ በጆሮዬ «ግድግዳውም እንደኛ ዕድሜው ደርሶ ነው የሚያልበው» ይለኛል። እስቃለሁ። ግን እኔም ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ያን ቁራጭ ነበር። ከጀርባው ጭጋጉን ሳይ እፎይ እላለሁ፣ ሰው በጠላው ነገር ደስ እንደሚለው። ለቀለም ቀቢ እርጥብ ግድግዳ ጠላቱ ነው።

ነሐሴ ላይ የሊቀመንበሩ ትዕግሥት አለቀ። የገበሬ ልጅ ነውና እርጥብ ነገር በእሳት እንደሚደርቅ ያውቃል። ኩበት በጋሪ አስመጥቶ አዳራሹ ውስጥ አስነደደ። ጭሱ በጣሪያው ስር ዞሮ ዞሮ ግድግዳውን እንደ ሻይ ቤት አደረገው። ጋሼ ጭሱን የሚሸፍን ሌላ ዙር ኖራ አስቀቡን፤ ኖራው ደግሞ አዲስ እርጥበት ሆነ፤ ቁራጩም እንደገና አላበው። ሊቀመንበሩ ሌላ ጋሪ ኩበት አዘዘ፣ በዚህኛው ጊዜ በር በሩ ላይ፣ ጭሱ እንዲወጣ። ቶሎ ነው የተማረው።

ጳጉሜ ሊገባ ሲል አንድ ማለዳ ቁራጩ ጠርቶ አደረ። ከጀርባው ነጩ ኖራ ብቻ ነበር የሚታየው። ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ደርቋል» አሉ።

«ጋሼ» አለ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ፣ «ትንሽ ላብ ቀረው ቢሉስ?»

«ግድግዳ ላይ አልዋሽም።»

በዚያው ሳምንት ሊቀመንበሩ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ቁልፍ ይዞ መጣ። በሩ ገና አልተገጠመም። ቁልፉን እየከፈተ እየዘጋ አዳራሹን ዞረ፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ባዶው ቤት ውስጥ ይከተለው ነበር።

«መቀርቀሪያው በውጭ ይሁን» አለ።

«ለስብሰባ ቤት በውስጥ ነው የሚሻለው» አሉ ጋሼ። «ሰው በስብሰባ ላይ እያለ ነፋሱ—»

«በውጭ ይሁን ብዬዎታለሁ። ለፊት ለፊቶቹ መስኮቶችም የብረት ፍርግርግ ይመጣል።»

«ለኋላውስ?»

«እሱ ከፍ ያለ ነው፣ ጀርባው ውሃ ነው። በዚያ በኩል ማን ሊገባ!»

«ልክ ነው» አሉ ጋሼ። «ማንም አይገባም።»

ያን ቀን ብሩሻቸውን ከልማዳቸው በላይ ሲያጥቡ አየኋቸው። ውሃው ከጠራ በኋላም ያጥቡ ነበር።

የኋላውን መስኮት ለእኔ ሰጡኝ። ጓደኛዬ በፊት ለፊት በኩል ዞኮሎውን፣ ማለትም ከግድግዳው ግርጌ የሚሰመረውን የዘይት ቀለም፣ እየሠራ ነበር። የመስኮቱን ክፈፍ የተከሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። መሰላል ላይ ወጥቼ ሳየው ተገልብጧል። ክፈፍ መስተዋቱን የሚደግፍ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ በውስጥ በኩል ይሆንና መስተዋቱ ከውጭ ገብቶ ስቱኮው በውጭ ይለሰናል። እንዲህ ከሆነ ከውስጥ ያለ ሰው ሳይሰብር ሊያወጣው አይችልም። የዚህኛው ከንፈር በውጭ ነበር።

«ጋሼ፣ ክፈፉ ተገልብጧል።»

«አየሁት።»

«ነቅለን ብናዞረው—»

«ከውስጥ ለስነው።»

የስቱኮውን ጨርቅ ስፈታ ሽታው ሌላ ሆነብኝ። ትንሽ ቆርሼ በጣቶቼ አሸሁት። ተልባ አይደለም፤ ኑግ ነው። የተልባ ዘይት ስቱኮን እንደ ድንጋይ ያጠነክረዋል። ኑግ ለወጥ እንጂ ለመስኮት አይሆንም፤ በእሱ የተቦካ ስቱኮ ከላዩ ቆዳ ያበጅና ሆዱ ግን ለወራት ሊጥ እንደሆነ ይቀራል።

«ጋሼ፣ በስህተት የኑግ ዘይት ነው የገባው።»

«ተልባ አልቋል።»

ያን ጠዋት መጋዘን ውስጥ ሙሉ የተልባ ቆርቆሮ አይቻለሁ። ይህን ልናገር ስል መስተዋቱን የሚይዙት ቀጫጭን ሚስማሮች ያሉበትን ጣሳ በእግራቸው ወዲያ ገፉት። እኔ ግን አንድ ነገር ጠማማ ካየሁ እጄ አያርፍም። ክፈፉን ፈልቅቄ ላዞረው ቢላዋዬን አወጣሁ። ጋሼ መሰላሉን ሁለት እርከን ወጥተው የእጄን አንጓ ያዙኝ። ከዚያ በፊት በእጃቸው ነክተውኝ አያውቁም።

«ስማኝ ልጄ። ቱምቢ በሁሉም ቦታ አይጣልም። ለስነው፤ አሳምረህ ለስነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ምንም እንዳያይ። ሲያበቃ ቀለም አልብሰው።»

ፊታቸው ወደኔ ሳይሆን ወደ በሩ ነበር። በሩ ላይ የውጭው መቀርቀሪያ ተመትቷል፤ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎበታል። ያኔ አዳራሹ ለምን እንደሚፈለግ ገባኝ፤ መኪናው እስኪመጣ ሰው የሚቀመጥበት ቤት ነው። ጋሼ ከሁለታችን ማንኛችን እንደምንገባበት አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም። ለሰንኩት። ከዚያ ያማረ መስኮት ለስኜ አላውቅም።

አዳራሹ በአብዮት በዓል ተመረቀ። ቀለሙ አልተላጠም፣ ዞኮሎው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ዙሪያውን ሄዷል። መፈክር ተባለ፣ ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ጋሼን ወደ ፊት ጠርቶ ለጓደኛዬ ፍራታሶውን በሕዝብ ፊት እንዲሰጡት አደረገ። ጓደኛዬ ጣውላውን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ጥርሱ በሙሉ ይታይ ነበር። ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። ለእኔ የሚሆነው ገና አልተጠረበም ነበር። ሙሉ አባል ሆነ ማለት ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው።

ማግስቱን የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ መጡ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ቢሮውን ኖራ እቀባለሁ፣ ጓደኛዬ ከስር ባልዲ ያቀብለኛል። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ሁለታችንንም በእስክሪብቶ አመለከተ።

«አንዱ ለቢሮዬ ይቅር። ረጅሙን ውሰዱት። ይሄኛው ለሚቀጥለው ዙር።»

ጓደኛዬ ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እንዳይፈስ።

«ቱምቢ፣ ብሩሼን እጠብልኝ» አለኝ። «ኖራ እንዳይደርቅበት።»

መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው መኪናው ዘገየ። የተያዙት አዳራሹ ውስጥ ተዘጋባቸው። ቤተሰብ ከየቦታው እየመጣ በሚከፈቱት የፊት መስኮቶች ፍርግርግ በኩል ስንቅ ያቀብላል። የጓደኛዬ እናት ከይፋግ በእግሯ መጥታ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ ዳቦ ሰጥታው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ወደ ማምሻው እኔም ሄድኩ። ጠብመንጃ የያዘ ጠባቂ በመካከላችን ቆሟል።

«ዞኮሎዬን አየኸው?» አለኝ ጓደኛዬ ብረቱን ይዞ። «ወይስ ከሱም ጠማማ አገኘህበት?»

«ቀጥ ብሏል» አልኩት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የኋላው መስኮት የኔ ሥራ ነው። ስህተት አለበት።»

«አንተ? ስህተት?»

«ሳላስተካክለው ተመረቀ።»

«ውሸታም! ቱምቢ ተሳስቶ ያውቃል?» ሳቀ። ከዚያ ዓይኔን አየኝ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ሳይጠፋ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። «ሄጄ በዓይኔ ካላየሁት አላምንም።»

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለ ጠባቂው።

«ስለ ሥራ ነው ወንድሜ። ይሄ ሰውዬ በሰው ስህተት ሲያደርቀኝ ኖሮ ዛሬ የራሱን አገኘ።»

ጠባቂውም ሳቀ። «እንግዲህ በቃ፣ ሂድ» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼና እኔ ተጠራን። የአዳራሹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከኋላው ግድግዳ ስር አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበዋል። መስተዋቱ አንድ ጭረት ሳይነካው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ባዶው ክፈፍ ውስጥ ጭጋግና ውሃ ብቻ ይታያል፤ ጠባቂዎች እስከ ጭናቸው ገብተው ይጣራሉ፣ ድምፃቸው ሩቅ ነው። ከታሰሩት ቀጫጭኖቹ በሙሉ አምልጠዋል። በመስኮቱ ያላለፉት ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

ደፉ ላይ የተፋቀው ስቱኮ ተድቦልቡሎ ተቀምጧል። ከላዩ በአውራ ጣት ጎድጎድ ተደርጓል።

የጓደኛዬ ምልክት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፍርፋሪውን በትኖት ይሄድ ነበር፤ ውሃው ይወስደው፣ እግር ይረግጠው ነበር። ሕይወቱን ይዞ እየሮጠ እንኳ እጁ የተረፈ ስቱኮ መጣል አልቻለም።

ሊቀመንበሩ ድቡልቡሉን አነሳው። ጫን ሲለው ጣቱ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስቱኮ» አሉ ጋሼ።

«ለምን አልደረቀም?»

«ክረምት ነው። የደረቀ ነገር የት አለ?»

ሊቀመንበሩ ወደ ፊት ለፊቱ መስኮት ሄዶ ጥፍሩን ስቱኮው ላይ ተከለ። አልገባም። ወደ ሌላው ሄደ። አልገባም። ድቡልቡሉን በመዳፉ እያንከባለለ ተመልሶ መጥቶ ጋሼ ፊት ቆመ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የሚላቸው።

«አንተ» አላቸው። «ይሄን መስኮት ማን ሠራው?»

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ» አሉ ጋሼ። «ይሄ ልጅ ዞኮሎ ላይ ነበር። ዓይኔ ደክሟል፣ ክፈፉን ገልብጬ ተከልኩት።»

ግድግዳ ላይ እንጂ መስኮት ላይ አልዋሽም አላሉም ነበር። ሲወስዷቸው በአጠገቤ አለፉና «መስተዋቱን መልስ» አሉኝ። «በተልባ።»

ክፈፉን አዙሬ፣ ሚስማሩን መትቼ፣ በውጭ በኩል ለሰንኩት። ሊቀመንበሩ በየማለዳው እየመጣ ጥፍሩን ይተክልበት ነበር። የጥፍሩ ምልክት እንደ ጨረቃ ቁራጭ እየሆነ ይቀራል፤ እኔ እዳብሰዋለሁ፤ በማግስቱ ሌላ ይተክላል። ስቱኮው ሲጠነክር መምጣቱን ተወ። እኔን ግን ሲያየኝ «ቢሮዬ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይለኛል። የቢሮው አንድ ማዕዘን አልደርቅ ብሎ ነበር፤ በበጋም። ቁራጭ መስተዋት ለጥፌበት ላቡን አሳየዋለሁ። ማዕዘኑ ሳይደርቅ እሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ።

ጋሼ የተፈቱት አጨዳ ላይ ነው። የት እንደነበሩ አልተናገሩም። ፍራታሶ ሲይዙ ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ልስኑን ለእኔ ትተው ስቱኮ ማቡካት ብቻ ያዙ። የጓደኛዬን ነገር አንዳችንም አላነሳንም። ብሩሹ ታጥቦ መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

በበጋው ለማኅበሩ ተልባ እንድገዛ ወደ አንበሳሜ ተላክሁ። ገበያው ዳር አንድ አዲስ የተቀባ ሱቅ አለ። መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ስቱኮው ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ በአራቱም ማዕዘን ላይ በአውራ ጣት ትንሽ ጎድጎድ ተደርጓል። ባለሱቁ ወጥቶ «ምን ልስጥህ?» አለኝ። «ምንም፣ መስኮትዎን እያየሁ ነው» አልኩት። የሠራውን ሰው አልጠየቅኩትም። የተጠየቀ ሰው ለሌላም ይናገራል።

ወረታ ስመለስ ጋሼ መጋዘን ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

«አንበሳሜ አንድ መስኮት አየሁ» አልኳቸው።

ማቡካታቸውን አቆሙ። «ስቱኮው በየት በኩል ነው?»

«በውጭ።»

«ማዕዘኑስ?»

«እርስዎ እንደሚቆጡት ነው።»

«እንግዲያስ አልተማረም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም።

ከውጭ፣ በመንገዱ ላይ፣ የአዲሱ ዙር ጥሪ በድምፅ ማጉያ እየተነበበ አለፈ። ጋሼ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ከእጃቸው የተረፈውን ስቱኮ፣ በማይጸናው እጃቸው፣ አድቦልቡለው የመጋዘኑ መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጡት።